ውጤቱ ወደ ማሳው ይመለስ፦ በሰሜን ሸዋ ገበሬን በአፈር ምርመራ ማገዝ

ግንቦት ሲገባ ከገጠር ስልክ ይደወላል። "ልጄ፣ የማዳበሪያው ብር አልሞላልንም፤ ትንሽ ብትልክልን" ይላሉ አባት። ልጅ አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ሆኖ ይልካል። ማዳበሪያው ይገዛል፣ ይዘራል። ማሳውን የጎዳው ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ውሃ ይተኛበት ይሆናል። አሲዳማ ሆኖ ይሆናል። በስንት ጭንቅ የተገዛ ዩሪያ እንዲህ ያለ መሬት ላይ ሲበተን ሳይ አንጀቴን ይበላዋል።

እኔ የአፈር ለምነት ባለሙያ ነኝ። በቀበሌ የልማት ሠራተኝነት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ሞረትና ጅሩ፣ ቀጥሎ ባሶና ወራና ደጋው ላይ። ይህን የምጽፈው አዲስ ለተመደባችሁ የልማት ሠራተኞችና ገጠር ቤተሰብ ላላችሁ የከተማ ልጆች ነው። ገበሬው አፈሩን እንዲያስመረምር፣ ከዚያም በውጤቱ እንዲጠቀም ማገዝ ትችላላችሁ። ሥራው ጥንቃቄ፣ ትዕግሥትና አንድ ንጹሕ ባልዲ ይፈልጋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የምርመራ ወረቀት ብቻውን እህል አያበቅልም። ብዙ ውጤት ፋይል ውስጥ ሲቀር አይቻለሁ። ወደ ባለቤቱ እጅ ካልገባ፣ በኪሎና በጣሳ ካልተነገረ፣ የተደከመው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ከናሙናው ይልቅ ስለ መልሱ ብዙ አወራለሁ።

መጀመሪያ ሰዎቹን ጠይቁ

ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ማሳውን ከባለቤቱ ጋር ዙሩት። "አባባ፣ ቶሎ የሚቢጨው የትኛው ጋ ነው? ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛው የት ነው? አምና ምን ዘርተውበት ነበር?" በሉ። የሚነግሯችሁን ጻፉ። "ታች ዳሩ ጭንጫ ነው። መሃሉ ላይ ድሮ በረት ነበረ። ከባሕር ዛፉ ሥር ያለው ምንም አያፈራም" ይሏችኋል። ይህ ሁሉ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ አይገኝም። ናሙናውን እንዴት እንደምትከፋፍሉት የሚወስነው ግን ይኸው ነው።

እማማንም ጠይቁ። አመዱና የበረት ጥራጊው ለዓመታት የት እንደተደፋ በደንብ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አመድና ፍግ የጠገበ የጓሮ መሬት ከሩቁ ማሳ ጋር በፍጹም አይገናኝም። ሁለቱን አንድ ባልዲ ውስጥ ከቀላቀላችሁ የሚመጣው ቁጥር የጓሮውም አይሆን፣ የሩቁም አይሆን።

መሬቱ በእኩል ወይም በሲሶ የሚታረስ ከሆነ ደግሞ ባለመሬቱም አራሹም ይገኙ። እኛ አገር አቅም ያጡ አዛውንትና ባል የሞተባቸው እናቶች መሬታቸውን ለሌላ አራሽ ይሰጣሉ። የአፈሩን አሲድ የሚያበርድ ኖራ ቢያስፈልግ ማን ይገዛዋል? ጥቅሙ ለዓመታት ይዘልቃል፤ ውሉ ብዙ ጊዜ የአንድ ዓመት ነው። አራሹ "ከርሞ ለሌላ ቢሰጡብኝስ?" ቢል አይፈረድበትም። ይህ ከመጀመሪያው ካልተነገረ ምክራችሁ መሬት ላይ አይወርድም። ውሉን ለሦስትና ለአራት ዓመት እንዲያደርጉት ማግባባት ከአፈር ሳይንሱ እኩል ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

በዓይንና በእጅ የሚታየው

ከላቦራቶሪ በፊት በነጻ የሚታይ ብዙ ነገር አለ። ሰብሉ ገና ማሳ ላይ እያለ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ። የጉድጓዱን ግድግዳ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። ሥሩ እስከ የት ወርዷል? 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ደርሶ ወደ ጎን ከታጠፈ፣ ማረሻው ከሚደርስበት በታች የጠጠረ ንጣፍ አለ ማለት ነው። መልኩ ግራጫ ሆኖ የዝገት ዓይነት ነጠብጣብ ካለበት፣ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። የምድር ትል ካለም ጥሩ ምልክት ነው።

ከዚያ እፍኝ አፈር አርጥቡና በእጃችሁ አሹት። አድቦልቡሉት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ጠፍጣፋ እያደረጋችሁ ወደ ላይ ግፉት። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሳይበጠስ ከወጣ ሸክላው የበዛ ነው፤ መረሬ የምንለው የጅሩ ጥቁር አፈር እንዲህ ነው። ሳይረዝም ከተበጠሰና ከሻከረ አሸዋ አለው።

ቅጠሉም ይናገራል። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ከቢጨ ናይትሮጅን አንሶታል። አዲሱ የላይኛው ቅጠል ከገረጣ ድኝ ሊሆን ይችላል። ወይን ጠጅ መልክ ካመጣ ፎስፈረስ ይጠረጠራል፤ ደጋው ላይ ግን ብርድም እንዲሁ ስለሚያደርግ ቶሎ አትፍረዱ።

እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስት ነገር አለ። ውሃ የተኛበት ስንዴም ይቢጫል። ገበሬው ዩሪያ ጎደለው ብሎ ይጨምርበታል። ስንዴው ግን አይድንም። አየር ባጣ አፈር ውስጥ ናይትሮጅኑ ወደ ጋዝነት ተቀይሮ ይጠፋል፤ ሥሩም መተንፈስ አቅቶታል። እንዴት ይለያል? አንድ ሁለት ቡቃያ ከነሥሩ ቀስ ብላችሁ ንቀሉና እጠቡት። ሥሩ ነጭና ብዙ ከሆነ ማዳበሪያ ነው የጎደለው። ከጠቆረና ሽታ ካለው የጎደለው መፋሰሻ ነው። ገብሱ አሲድ ላይ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ያጥራል፣ ጫፉ ይወፍራል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ሥር አይኖርም። ይህን ሥር አንዴ በእጁ ይዞ ያየ ገበሬ ስለ አሲዳማ አፈር ስብሰባ አያስፈልገውም።

ናሙና አወሳሰድ

ጊዜው ከአውድማ በኋላ ነው። ከጥምቀት እስከ መጋቢት ቢሆን እመርጣለሁ። አንድ ጊዜ ከአንድ ላቦራቶሪ የጠበቅነው ውጤት የደረሰን ዘሩ መሬት ከገባ በኋላ ነበር። ገበሬዎቹ ምን ተሰማቸው መሰላችሁ? በቀጣዩ ዓመት ናሙና ስንጠይቅ ፊት ነሱን። ስለዚህ ቀድማችሁ ላኩ። ውጤቱ መቼ እንደሚደርስም ስትሰጡ ጠይቁ። ኖራ የሚያስፈልገው መሬት ከሆነ ኖራውን ከዘር በፊት ማድረሻ ጊዜ ያስፈልጋል።

ዕቃው ቀላል ነው። አውገር (የአፈር መሰርሰሪያ) ካገኛችሁ ጥሩ፤ ካላገኛችሁ ዶማና አካፋ ይበቃል። ባልዲው የፕላስቲክ ይሁን። የቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ ስለሚለቅ የዚንክን ውጤት ያበላሻል። የማዳበሪያ ጆንያ ደግሞ በፍጹም አትጠቀሙ፤ የቀረው ብናኝ ብቻ ቁጥሩን ያዛባዋል።

ማሳው በመልኩ፣ በተዳፋትነቱና በታሪኩ አንድ ዓይነት ከሆነ ለአንድ ናሙና ከ15 እስከ 20 ቦታ ዚግዛግ እየሄዳችሁ አፈር ሰብስቡ። ከአጥር ሥር፣ ከእርከን ዳር፣ ከአውድማ፣ ከፍግ ክምር፣ ከአሮጌ በረትና ኩይሳ ካለበት አትውሰዱ። አፈር ተከምሮ የጋየበትንም ዝለሉት። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ያለውን ገለባ በእጅ ጥረጉ። አፈሩን አትፋቁት፤ ለምነቱ ያለው ላዩ ላይ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩና ከጉድጓዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ አውጡ። ከላይ ብዙ ከታች ጥቂት ከሆነ ውጤቱ ይዋሻል።

መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የላዩ አፈርም ስንጥቁ ውስጥ ይወርዳል። ከስንጥቁ ራቅ ብላችሁ ቆፍሩ። አንዳንዴ ዶማ እንኳ አይነክሰውም። አንድ ካፊያ ጥሎ ረጠብ ሲል ሥራው ይቀላል፤ ጭቃ ሲሆን ግን ተዉት።

የተሰበሰበውን ባልዲ ውስጥ ፈርፍሩና በደንብ ደባልቁ። በንጹሕ ፕላስቲክ ላይ ዘርግታችሁ በመስቀል ለአራት ክፈሉት። ሁለቱን ተቃራኒ ክፍሎች ጣሉ፤ የቀረውን እንደገና ደባልቁ። አንድ ኪሎ እስኪቀር ድረስ ደጋግሙ። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታድርጉት።

ጽሑፉን በእርሳስ ጻፉ፤ የስክሪፕቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይጠፋል። አንዱን ወረቀት በትንሽ ፌስታል ጠቅልላችሁ ከአፈሩ ጋር ጨምሩ፤ ሁለተኛውን ከውጭ እሰሩ። የባለቤቱ ስም፣ ቀበሌው፣ ጎጡ፣ የማሳው ስም ይኑር። የእኛ አገር ማሳ ስም አለው፤ ያ ስም ይጻፍ። አምና የተዘራው፣ የተደረገው ማዳበሪያና ዘንድሮ ሊዘራ የታሰበው ሰብልም ይካተት። ስልክ ካላችሁ የጂፒኤስ ነጥቡን ያዙ፤ ለወደፊት ድጋሚ ምርመራ በጣም ይጠቅማል።

ወዴት ይላካል? በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ሂዱ። በዞናችን ስለ አፈር የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሚገኙት ደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ የትኛው ምርመራ የት እንደሚሠራ እነሱንም መጠየቅ ይቻላል።

ወረቀቱን ማንበብ

ውጤቱ ብዙ መስመር አለው። ሁሉንም ለገበሬው ማንበብ አያስፈልግም። እኔ መጀመሪያ የማየው ፒኤች፣ የአፈሩን አሲድነት የሚለካውን ቁጥር፣ ነው። ከ5.5 በታች ከሆነ አሲዱ ጠንካራ ነው። ከ6.6 እስከ 7.3 ገለልተኛ ነው። ከዚያ በላይ ሲሄድ አልካላይን ይሆናል፤ መረሬ ላይ ይህ ያጋጥማል፤ እዚያ ደግሞ ዚንክና ብረት ለሰብሉ አልገኝ ሊሉ ይችላሉ። ፒኤቹ 5.5 እና ከዚያ በታች ከሆነ "ተለዋዋጭ አሲድነት" የሚባለው፣ ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ያለው አሲድ፣ ተለክቶ እንደሆነ እዩ። ካልተለካ እንዲለካ ጠይቁ። የኖራው መጠን የሚሰላው በዚያ ነው።

ቀጥሎ የኦርጋኒክ ካርቦኑን እዩ። በ1.72 ብታባዙት የኦርጋኒክ ቁስ አካሉን መጠን በግምት ታገኛላችሁ። ይህ ቁጥር ኩበቱና ገለባው የት እንደሄደ ይነግራችኋል።

ፎስፈረስ ላይ ግን ተጠንቀቁ። መለኪያው አንድ ዓይነት አይደለም። ኦልሰን የሚባለው አለ፣ ብሬይ አለ፣ ሜህሊክ አለ። በአንዱ "በቂ" የሆነ ቁጥር በሌላው "አነስተኛ" ሊሆን ይችላል። በኦልሰን ከሆነ ከ10 ፒፒኤም (በአንድ ኪሎ አፈር 10 ሚሊግራም) በታች ያለው እንደ አነስተኛ ይወሰዳል። ዘዴው ካልተጻፈ ደውላችሁ ጠይቁ። ሁለት ላቦራቶሪ የሰጠውን ቁጥር ዘዴውን ሳታዩ አታወዳድሩ።

በነገራችን ላይ "መንግሥት ካርታ ሠርቷል፤ ለምን እንደገና እንመርምር?" የሚል ይመጣል። እውነት ነው፣ በ2004 ዓ.ም የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት፣ ኢትዮሲስ የምንለው፣ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። በጊዜው ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ ቀርቶ ድኝ ያለው ኤንፒኤስ የመጣው በዚያ ሥራ ላይ ተመሥርቶ ነበር። ካርታው ግን የአካባቢውን ጠቅላላ ሁኔታ ነው የሚያሳየው። የአባባን ጓሮ ከሩቁ ማሳቸው አይለይላቸውም።

ጅሩ ላይ ውሃው ይቅደም

በሞረትና ጅሩ ሜዳ፣ በእንሳሮም መረሬው ላይ፣ ወረቀቱ ናይትሮጅን አንሷል ሊል ይችላል። ትክክል ነው። ግን ማዳበሪያ ከመጨመር በፊት ውሃውን አውጡ። የእነዋሪ ሰዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። ዘሩ ከተዘራ በኋላ ቦዩን በማረሻ ያወጣሉ፤ ከዚያ ቤተሰቡ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በእጁ እየዛቀ መደቡ ላይ ይከምራል። ሰፊ መደብና ቦይ የሚባለው አሠራር ነው። በጣም አድካሚ ነው፣ በተለይ ለሴቶችና ለልጆች። ይህን ድካም ለመቀነስ ነው ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተተው ቢቢኤም የመጣው። መደቡን 80፣ ቦዩን 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርጎ ያወጣል። በዚህ ሥራ ቀድሞ ደብረ ብርሃንና ደብረ ዘይት ላይ ጣቢያ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል፣ ኢልካ፣ ብዙ ደክሞበታል።

ቢቢኤም በማኅበርም ሆነ በጎረቤት ተገኝቶ ከሆነ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ቦዩ ወደየት ያፈሳል? ውሃውን ወደ ጎረቤት ማሳ የሚለቅ ቦይ ጠብ ያመጣል፤ ታች ያለውንም ይሸረሽራል። ከጎረቤቶቹ ጋር ተነጋግራችሁ አንድ የጋራ ፈሰስ ይውጣ፤ ዳሩ ሣር ይኑረው። ሁለተኛ፣ ተዳፋቱን አስተውሉ። ቦዩ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ከወረደ አፈሩ አብሮ ይሄዳል። በመጠኑ አግድም ይዘንብል።

ውሃው ሲወጣ ስንዴውን ቀደም ብሎ መዝራት ይቻላል፤ ዩሪያውም ይሠራል። ያኔም ቢሆን በአንዴ አይበተን። ሲሶውን በዘር ጊዜ፣ ሁለት ሲሶውን ስንዴው ግልገል (ከሥሩ ተጨማሪ አገዳ) ሲያወጣ፣ አረሙ ከታረመ በኋላ ስጡት። ቅጠሉ ጤዛ ይዞ ሳለ አትበትኑ። አፈሩ እርጥበት ይኑረው፣ ግን ውሃ የተኛበት አይሁን።

ዝናቡ ሲወጣ በቀሪው እርጥበት ሽምብራ፣ ምስር ወይም ጓያ መዝራት የጅሩም የምንጃርም ወግ ነው። ይህን ወግ ጠብቁት። ስንዴ በስንዴ ላይ፣ ጤፍ በጤፍ ላይ የሚደጋግም ማሳ ይደክማል። ለሽምብራና ለባቄላ ባዮ ማዳበሪያ (ናይትሮጅን የሚሠራ ባክቴሪያ ያለበት) ካገኛችሁ ለየሰብሉ የተዘጋጀውን ብቻ ውሰዱ። የመጠቀሚያ ጊዜውን እዩ። ጥላ ውስጥ ዘሩን በስኳር ውሃ አርሳችሁ ለውሱትና ያኔውኑ ዝሩት። ፀሐይ ከመታው ባክቴሪያው ይሞታል። ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ ባቄላውን ነቅላችሁ ሥሩ ላይ ያለውን እባጭ በጥፍራችሁ ክፈቱ። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠራ ነው።

ደጋው ላይ ኖራና ኩበት

ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ጣርማበርና መንዝ ከፍታው ላይ ሌላ ነገር ነው ያለው። ተዳፋቱ ታጥቧል። ገብስ ተደጋግሞ ይዘራል። አንዳንዱ ጋ አሲዱ ጠንክሯል። አሲዱ ሲጠነክር አሉሚኒየም ይፈታና ሥሩን ይጎዳል፤ የገዛችሁትን ፎስፈረስም አስሮ ይይዘዋል። ኤንፒኤስ እየጨመሩ ለውጥ ያጡ ገበሬዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ይኸው ነው።

ኖራ የሚሰላው እንዲህ ነው። በተለመደው ቀመር ተለዋዋጭ አሲድነቱ በአንድ ኪሎ አፈር 1 ሴንቲሞል ከሆነና የአፈሩ እፍጋት (የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ክብደት) 1.2 ግራም ከሆነ፣ ለ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለሄክታር 13.5 ኩንታል ገደማ ይመጣል። ለሩብ ሄክታር ወደ 3.4 ኩንታል ማለት ነው። 2 ከሆነ እጥፍ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ማጓጓዣውም ከባድ ነው። በአንዴ ካልተቻለ በዘር መስመር ላይ ብቻ ጥቂት ጥቂቱን በየዓመቱ ማድረግ የሚቻልበት መንገድ አለ። ከባለሙያ ጋር አስሉት። "ጎረቤቴ ያደረገውን ያህል" ተብሎ ኖራ አይደረግም፤ ሲበዛ ሌላ ጉድለት ያመጣል።

ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ እኩል እኩል በትኑት። ማሳውን አስቀድማችሁ በአራት ክፈሉት፤ ኖራውንም እንዲሁ። ያኔ አንዱ ጋ በዝቶ ሌላው ጋ አያልቅም። ከዚያ በማረሻ ሁለት ጊዜ ገልብጡት። ቢያንስ ከዘር አንድ ወር ይቅደም፤ አፈሩም እርጥበት ያግኝ። ከዩሪያ ጋር አትደባልቁት፤ ናይትሮጅኑ አየር ላይ ይበናል።

አሁን ወደ ኩበቱ። ይህን ክፍል ስጽፍ ከልቤ ነው። የደጋው ሰው ኩበት የሚያነደው ሌላ ማገዶ ስለሌለው ነው። ብርዱን የሚያውቅ አይፈርድበትም። ግን ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩት። አንድ ኩንታል ደረቅ ፍግ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ያ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ዩሪያ ያህል ነው። በላዩ ላይ ዩሪያ የማይሰጠው ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ኦርጋኒክ ቁስ አለው። አንድ ኩንታል የስንዴ እህል ደግሞ 2 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይዞ ከማሳው ይወጣል። እህሉ ወጣ፣ ገለባው ለከብት ወጣ፣ ኩበቱ ነደደ፤ ምን ተመለሰ?

"ኩበት ማንደድ ተዉ" ብላችሁ አትምከሩ። ሰሚ የለውም። ከዚያ ይልቅ እንዲህ በሉ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይግባ። ለእርሻ የማይሆነው ጭንጫ ዳር ላይ ለማገዶ ዛፍ ይተከል፤ ባሕር ዛፍ ከሆነ ከማሳው ይራቅ። የክረምቱ እርጥብ ፍግ ኩበት ለመጠፍጠፍ አይመችም፤ ያ ለኮምፖስት ይሁን። አመዱም አይጣል። አሲዳማ ማሳ ላይ አመድ ይጠቅማል።

ኮምፖስቱን በክረምት ጉድጓድ ውስጥ አታድርጉት፤ በተለይ መረሬ ላይ ውሃ ይሞላዋል። ከመሬት በላይ ከምሩት። ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሁን። ከታች ጭራሮ፣ ከዚያ ገለባ፣ እርጥብ አረም፣ ፍግ፣ ጥቂት አፈር፣ እያፈራረቃችሁ እስከ ወገብ ድረስ። አረሙ ፍሬ ሳይዝ ይታጨድ። ላዩን በሣር ሸፍኑት። ረጅም ዱላ መሃሉ ላይ ሰክታችሁ ተዉት። በሳምንቱ ዱላውን አውጥታችሁ ጨብጡት። ከሞቀና ከረጠበ ሥራው እየሄደ ነው። ከደረቀ ውሃ ጨምሩ። ከቀዘቀዘና ክፉ ሽታ ካለው አየር አጥሮታልና ገልብጡት። በየወሩ መገልበጥ ጥሩ ነው። ደጋው ብርድ ስለሆነ ከቆላው ይዘገያል፤ አራት አምስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስጡት።

አፈር ከምሮ በኩበት ማጋየትን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ይቁም። በመጀመሪያው ዓመት ገብሱ ያምራል፤ ሰው የሚታለለውም ለዚህ ነው። እሳቱ ኦርጋኒክ ቁሱን ይበላዋል፣ ናይትሮጅኑን ያበናል። መሬቱ ተመልሶ እስኪያገግም ረጅም ዓመት ማረፍ ይፈልጋል። ዛሬ እንዲህ የሚያርፍ መሬት ያለው ማን አለ?

እርከኑን አልረሳሁትም። አንዲት ጥድ በሚባለው ቦታ ከ1974 ዓ.ም ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ሲለካ ኖሯል፤ ከአገሪቱ የቆዩ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች አንዱ ነው። ኖራና ኮምፖስት ከተደረገበት በኋላ በአንድ የሐምሌ ዶፍ የሚሄድ አፈር ከሆነ ልፋቱ ሜዳ ላይ ቀረ። የፈረሰ እርከን ካለ መጀመሪያ እሱ ይጠገን።

ከሄክታር ወደ ጥማድ

ምክሩ የሚመጣው በሄክታርና በንጥረ ነገር ነው። ገበሬው የሚያርሰው ጥማድ ነው፤ የሚገዛው በኩንታል። መሃሉን ማገናኘት የእናንተ ሥራ ነው።

ለምሳሌ ምክሩ ለአንድ ሄክታር ስንዴ በኪሎ "92 ናይትሮጅን፣ 46 ፎስፌት" ቢል። ኤንፒኤስ በ100 ኪሎው ውስጥ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌትና 7 ድኝ አለው። ዩሪያ 46 ናይትሮጅን አለው። ከፎስፌቱ ጀምሩ። 46ን ለ0.38 ስታካፍሉ 121 ኪሎ ኤንፒኤስ ይመጣል። እሱ ራሱ 23 ናይትሮጅን ያመጣል። ከ92 ላይ 23 ሲቀነስ 69 ይቀራል። 69ን ለ0.46 ስታካፍሉ 150 ኪሎ ዩሪያ ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ከሆነ 30 ኪሎ ኤንፒኤስና 37 ኪሎ ተኩል ዩሪያ ማለት ነው። ጥማድ ሲባል ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ማሳውን በሜትር ለኩት።

ከዚያ የቤቱን ጣሳ አምጡና ማዳበሪያውን ሞልታችሁ ሚዛን ላይ አድርጉት። ዩሪያና ኤንፒኤስ በአንድ ጣሳ እኩል አይመዝኑም፤ ሁለቱንም ለየብቻ መዝኑ። "አባባ፣ ለዚህች ማሳ በዘር ጊዜ ይህን ያህል ጣሳ፣ ከአረም በኋላ ይህን ያህል" ብላችሁ ንገሯቸው። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ለሁሉም ማሳ አሳንሶ ከመበተን፣ መልስ ወደሚሰጠው ማሳ መጀመሪያ ይግባ። ውሃ የሚተኛበት ካልተጠነፈፈ፣ አሲዳማው ኖራ ካላገኘ፣ እዚያ ላይ ብር አትጨርሱ።

በመጀመሪያው ዓመት ማሳውን ሙሉ በአዲሱ ምክር አታሠሩ። አንድ ጠርዝ በድሮው አሠራር ይቅር። ሲደርስ ከሁለቱም አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከሦስት ከሦስት ቦታ እጨዱ። ለየብቻ ወቅታችሁ መዝኑና አማካዩን ያዙ። በግራም የመጣውን ለ10 ስታካፍሉ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሆነ ይነግራችኋል። 300 ግራም ከሆነ 30 ኩንታል ነው። ገበሬው ራሱ ይመዝን። ጎረቤትም ይጠራ።

ድጋሚ ምርመራውን ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ አድርጉት፤ በዚያው ወር፣ በዚያው ጥልቀት፣ ከተቻለ በዚያው ላቦራቶሪ። የመጀመሪያው ወረቀት እንዳይጠፋ በፕላስቲክ አድርጋችሁ ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ጋር አስቀምጡላቸው። በጀርባው ላይ የጣሳውን ቁጥር፣ የኖራውን መጠንና ቀኑን በአማርኛ ጻፉበት። ማሳውን የሚያርሰው ሌላ ሰው ከሆነ አንድ ኮፒ ለእሱም ስጡት።